ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሬዲዮ አንቴና በቤት ሲሠራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሽቦውን በግምት መቁረጥ። ለኤፍ ኤም ወሳኙ ርዝመት እንጂ ውፍረት አይደለም። 143ን ለጣቢያው ሜጋኸርዝ ያካፍሉ፤ ለ100 ሜጋኸርዝ 1.43 ሜትር ይመጣል። መሃል ላይ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ክንድ 71.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ተራ የመብራት ሽቦ ይበቃል፤ ወፍራም ብረት ፍለጋ መንከራተት ትርፉ ድካም ነው።

ኬብሉን ሳይፈትሹ መስቀል። የዲሽ ኬብል የመሃል ሽቦው ከአንዱ ክንድ፣ ዙሪያውን የከበበው የቀጫጭን ክሮች መረብ ከሌላው ይታሰራል። ከመረቡ አንዲት ክር መሃሉን ከነካች አንቴናው ይሞታል። ሬዲዮው ላይ ሳይሰካ በቴስተር ይለኩት፤ ከጮኸ ተነካክቷል። ማሰሪያውን በናስትሮ ብቻ ከተዉት የክረምቱ ዝናብ በመረቡ ውስጥ ሰርጎ ይወርዳል። ሲሊኮን ይቀቡበት፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ግን መዳቡን ይበላዋል።

ኮርኒስ ውስጥ መደበቅ። ከላይ ያለው ቆርቆሮ ሞገዱን ያግደዋል። በባሕር ዛፍ አጠና ከጣሪያው ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ይበል።

ደሴ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት «ከፍታ ላይ ስለሆንን ሁሉን እንይዛለን» የሚለው ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም የጦሳ ተራራ አጠገቧ ቆሟል፤ ኮምቦልቻም ዝቅ ብላ በተራሮች መካከል ናት። ኤፍ ኤም ተራራ ዞሮ ብዙም አይደርስም። ከገደል ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ ደግሞ በቀጥታ ከመጣው ጋር እየተጋጨ ድምፁን ያሻክረዋል። የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ሜትር መራቅ ብቻ ጣቢያውን ሊያጠራው ወይም ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ሚስማር ከመምታትዎ በፊት አጠናውን ይዘው ግቢውን ይዙሩ። የሽቦው ጎን ወደ ጣቢያው ይዙር፤ በጫፎቹ በኩል ደንቆሮ ነው። ሽቦውን ወደ ላይ አቁመውም ይሞክሩት።

ለአጭር ሞገድ «በረዘመ ቁጥር ይሻላል» ማለት። ትንሽ የባትሪ ሬዲዮ 7 ወይም 10 ሜትር ሽቦ ይበቃዋል። ከዚያ ሲያልፍ፣ በተለይ ማታ፣ ጣቢያዎች እርስ በርስ ይደራረባሉ። ሽቦውን ከሬዲዮው አንቴና ጋር ብረት ለብረት ከማያያዝ ከነላስቲኩ ሦስት አራት ዙር ይጠምጥሙት። ሬዲዮው ላይ የሚሰማው ጩኸት ካልቀነሰ ምንጩን ለማግኘት ቻርጀሮችንና ኤል ኢ ዲ አምፖሎችን አንድ በአንድ ያጥፉ።

ሶኬትን እንደ አንቴና መጠቀም ይገድላል፤ መሞከርም አያስፈልግም። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ ኬብሉን ከሬዲዮው ነቅለው ጫፉን ከቤት ውጭ ያውጡት። አጠናውም የሚተከለው ቢወድቅ እንኳ የመብራት መስመር የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው።