ሥራ የሚያስቆሙ የሰብሚታል ስህተቶች

ሥራ ተቋራጩ የሚያስገባውን ዕቃ፣ የሚሠራበትን ሾፕ ድሮዊንግ (ለማምረትና ለመግጠም የሚዘጋጅ ዝርዝር ንድፍ)፣ ናሙናውንና የአሠራር ዘዴውን ባለቤቱን ወክሎ ሥራውን ለሚቆጣጠረው አማካሪ አቅርቦ «በዚህ ልቀጥል?» ብሎ የሚጠይቅበት ሰነድ ሰብሚታል ይባላል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሕንፃው ሲዘገይና ሁለቱ ወገኖች መካሰስ ሲጀምሩ ግን አንዱ «ሦስት ወር ይዞብኛል» ሲል ሌላው «ያቀረበልኝ የተሟላ አልነበረም» ይላል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ከሥራ ተቋራጩ ጠረጴዛ የሚነሱ ናቸው። አማካሪውም ግን ድርሻ አለው።

«መቼ ይገጠማል?» ብቻ ብሎ መጠየቅ

«ሊፍቱ የሚገጠመው በ14ኛው ወር ነው፤ ስለዚህ በ9ኛው ወር እናቀርባለን።» ብዙ የሰብሚታል መርሐ ግብር የሚወጣው በዚህ ስሌት ነው። ከሚገጠምበት ቀን ወደ ኋላ መቁጠሩ ተገቢ ነው፤ ሲቆጠር ግን ምንም እርከን መዘለል የለበትም። የአማካሪው መመርመሪያ ጊዜ አለ። ሰነዱ «ተስተካክሎ ይቅረብ» ተብሎ ቢመለስ ሌላ ዙር አለ። ከዚያ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና)፣ የፋብሪካ ምርት፣ የባሕር ጉዞ፣ ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ጉምሩክ ይከተላሉ። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ በነበረባቸው ዓመታት ባንክ ቤቱ ብቻውን ወራት ይበላ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነገሩ መልኩን ቢለውጥም፣ ባንኩን ከስሌቱ የሚያወጣ ሰው ራሱን ያታልላል።

የሊፍት ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ምክንያቱም የሊፍቱ ልክ የሚፈለገው መሠረት ሲቆፈር ነው። የታችኛው ጉድጓድ ጥልቀት፣ ከመጨረሻው ፎቅ በላይ መቅረት ያለበት ቁመት፣ የበሩ ክፍተት፣ በላይኛው ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) የሚቀበሩት መንጠቆዎች በየአምራቹ ይለያያሉ። ንድፉ 1.40 ሜትር ጉድጓድ አሳይቶ ኮንክሪቱ ተሞላ እንበል። ከዓመት በኋላ በዋጋ ያሸነፈው አቅራቢ 1.60 ሜትር ይጠይቃል። በዚያች 20 ሳንቲ ሜትር ምክንያት ወይ የመሠረቱ ወለል ይሰበራል፣ የውኃ መከላከያውም አብሮ ይቀደዳል፤ ወይ ደግሞ ውድ የሆነው ሊፍት ይገዛል። ለጄኔሬተር መደብም፣ በቢም ውስጥ ለሚያልፍ የአየር ቱቦም፣ ለፓምፕ ክፍልም ነገሩ አንድ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ቀን ይያዝ፦ ዕቃው የሚገጠምበትና ልኩ መጀመሪያ የሚፈለግበት። ሰብሚታሉ የሚገባው ለሁለተኛው ቀን እንዲደርስ ተሰልቶ ነው።

ካታሎግ መወርወር

ንዑስ ተቋራጩ ስልሳ ገጽ ካታሎግ ያመጣል፤ ቢሮ መሐንዲሱ የመላኪያ ቅጽ ለጥፎበት ለአማካሪው ይልከዋል። ከስልሳው ገጽ ውስጥ የትኛው ሞዴል እንደታሰበ አልተመለከተም። አማካሪው ደግሞ ተመራምሮ የማግኘት ግዴታ ስለሌለበት «የቀረበው ዕቃ አይታወቅም» ብሎ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ መልስ ለመጻፍ ደቂቃ ቢበቃም ዙሩ ግን ሳምንታትን ይዞ ይሄዳል።

መድኃኒቱ አንዲት ሠንጠረዥ ናት። በአንዱ ዓምድ ስፔሲፊኬሽኑ (የውሉ የጥራት መግለጫ) የጠየቀው፣ በሁለተኛው የቀረበው፣ በሦስተኛው ማስረጃው የሚገኝበት ገጽ ይጻፋል። ይህን ሠንጠረዥ የሚሞላው ሥራ ተቋራጩ ራሱ እንጂ ሻጩ መሆን የለበትም። ሻጭ የሞላው ሠንጠረዥ ሁልጊዜ «ያሟላል» ነው የሚለው። ሲሞሉት የሚገኘው ጉድለት አማካሪው ጋ ከመድረሱ በፊት የተገኘ ነውና በነጻ የተገኘ ነው።

ለውጥን በንድፍ ውስጥ ቀብሮ ማሳለፍ

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ሰው የሞተበትን ታሪክ ልጥቀስ።

በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ የነበረው የሃያት ሪጀንሲ ሆቴል በሰፊው አዳራሹ ላይ የተንጠለጠሉ መተላለፊያ ድልድዮች ነበሩት። የአራተኛው ፎቅ ድልድይ ከላይ፣ የሁለተኛው ፎቅ ደግሞ ትክክል ከሥሩ። በመጀመሪያው ንድፍ መሠረት ከጣሪያው የሚወርደው ረጅም የብረት ዘንግ አንድ ወጥ ሆኖ የላይኛውን አልፎ እስከ ታችኛው ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ድልድይም በየራሱ ብሎን ላይ ይቀመጣል። ብረቱን የሚያመርተው ድርጅት በዚያ ሁሉ ርዝመት ላይ የብሎን ጥርስ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነበት ዘንጉን በሾፕ ድሮዊንጉ ላይ ለሁለት ከፈለው፦ አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛው ፎቅ፣ ሌላው ከአራተኛው ፎቅ ቢም ተነስቶ ወደ ሁለተኛው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም። አሁን ግን የታችኛው ድልድይ የተንጠለጠለው በላይኛው ላይ ነው፤ የአንድ ድልድይ ክብደት እንዲሸከም የታሰበው የአራተኛው ፎቅ ብሎን የሁለቱን ይሸከማል። ሾፕ ድሮዊንጉ ማህተም አርፎበት ተመለሰ። ያንን መጋጠሚያ በአዲስ መልኩ ያሰላው ሰው ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 ድልድዮቹ ወደቁ፤ 114 ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ምርመራው የመጀመሪያው ንድፍም ራሱ የከተማውን የግንባታ ሕግ እንደማያሟላ አሳይቷል፤ ለውጡ ደካማውን መጋጠሚያ ይባስ አዳከመው። ኃላፊነት የነበረባቸው መሐንዲሶች በሚዙሪ ግዛት የነበራቸው የሙያ ፈቃድ ተሰረዘ።

ከስፔሲፊኬሽኑ ወይም ከንድፉ የተለየ ነገር ካለ በመላኪያው ደብዳቤ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ በንድፉ ላይ የተለወጠው ቦታ በደመና ቅርጽ መስመር ይከበብ፤ ምክንያቱና ስሌቱም አብሮ ይቅረብ። «ተመጣጣኝ» ተብሎ የሚቀርብ ዕቃ ሁሉ በምን እንደሚመጣጠን ይናገር። በአብዛኛው ውል የአማካሪው ማጽደቅ ሥራ ተቋራጩን ከኃላፊነት አያወጣውም፤ ያልተገለጸ ለውጥ ላይ ያረፈ ማህተም ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

በስልክ መስማማት

በዚያው በካንሳስ ሲቲ ጉዳይ አምራቹ ለውጡን በስልክ አስፈቅጃለሁ አለ፤ መሐንዲሶቹ አልተጠየቅንም አሉ። ወረቀት አልነበረም። እኛም ዘንድ «ኢንጂነሩ ሳይት ላይ እሺ ብለውኛል» የሚለው ቃል የተለመደ ነው። ተጠሪ መሐንዲሱ እሺ ካሉ በዚያው ቀን «ዛሬ በሥራው ቦታ በተነጋገርነው መሠረት» ብሎ ጽፎ መላክ ነው። ሰውየው ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ደብዳቤው ግን ፋይሉ ውስጥ ይቀራል።

«በአስተያየቱ መሠረት ጸድቋል»ን «ጸድቋል» ብሎ ማንበብ

መልሱ ሲመጣ የሚታየው ማህተሙ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ ጠርዝ ላይ የተጻፈው አይነበብም። የግዢ ክፍሉ ያዝዛል፣ ዕቃው ይመጣል፣ አማካሪው «ውፍረቱ ይጨመር ብዬ ነበር» ይላል። አስተያየቱ ወደ ግዢ ማዘዣው መሸጋገሩን የሚያረጋግጥ አንድ ሰው በስም ይመደብ። ፎርማኑ እጅ ያለው ንድፍ ደግሞ የመጨረሻው ሪቪዥን መሆኑ ይታይ። አሮጌው ቅጂ ከሥራው ቦታ እስኪነሳ ድረስ አዲሱ አልደረሰም ማለት ነው።

የጸደቀ ነገር እንደጸደቀ ይኖራል ብሎ ማመን

የኮንክሪት ድብልቅ የሚጸድቀው ከተወሰነ ሲሚንቶ፣ ከተወሰነ አሸዋና ጠጠር ጋር ነው። የሲሚንቶ እጥረት በነበረበት ጊዜ የተገኘው ሁሉ ሲገዛ ከረጢቱ በየሳምንቱ ይለዋወጥ ነበር፤ ዛሬ 42.5 ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ)፣ ነገ 32.5 ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት)። የጸደቀው ወረቀት ግን ያው ነበር። ዓይነቱ ከተለወጠ የሙከራ ድብልቁም እንደገና ይሠራል፤ በ28 ቀኑ የሚፈተነው የኮንክሪት ኩብ ውጤትም ይጠበቃል። ብልህ ቢሮ መሐንዲስ ሥራው ገና ሲጀመር በሁለትና ሦስት ሲሚንቶ አስሞክሮ ሁሉንም አስጸድቆ ያስቀምጣል።

አንድ ቀን አርባ ሰብሚታል ማስገባት

አማካሪው ዘንድ የሚመረምሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ቅደም ተከተል ሳይጻፍ አርባ ከገባ የበር እጀታው ከብረቱ ቀድሞ ይታያል። የምትፈልጉትን ተራ እናንተው ጻፉ።

የአማካሪው በደል

አስተያየት በጭላጭ መስጠት የአማካሪዎች የቆየ አመል ነው። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ነጥብ፣ እነሱ ሲስተካከሉ ቀድሞም ይታዩ የነበሩ ሌሎች አራት። በአንድ ዙር ያልተነገረ ጉድለት በሚቀጥለው ሲነሳ ለሥራ ተቋራጩ የጊዜ ጥያቄ በር ይከፍታል። ሌላው በሰብሚታል ሰበብ ዲዛይን መለወጥ ነው። የቀረበው ዕቃ ስፔሲፊኬሽኑን ካሟላ «ከዚህ የተሻለ ይምጣ» ማለት ዋጋ ያለው የለውጥ ትእዛዝ እንጂ አስተያየት አይደለም። የሴራሚክና የቀለም ምርጫ ደግሞ የባለቤቱ ነው። አማካሪው ባለቤቱ የሚወስንበትን ቀን ቆርጦ ካልነገረው ናሙናው አቧራ ይጠጣል።

የቀን መዝገብ አለመያዝ

የእያንዳንዱ ሰብሚታል ቁጥር፣ ሪቪዥን፣ የገባበት፣ መመለስ የነበረበትና የተመለሰበት ቀን በአንድ መዝገብ ይያዝ፤ በየሳምንቱ ስብሰባም ይነበብ። የመመርመሪያው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ ውላችሁ ላይ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ የተባለው የግንባታ ውል ለሥራ ተቋራጩ ሰነዶች 21 ቀን ይሰጣል፤ በሌላ ውል ሌላ ሊሆን ይችላል። መልሱ ዘግይቶ ሥራ ካስቆመ ተጨማሪ ጊዜ የመጠየቅ ሐሳብን ማሳወቅ የግድ ነው፤ በፊዲክ ማሳወቂያው ሥራ ተቋራጩ ነገሩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካልተሰጠ መብቱ ሊጠፋ ይችላል። «ግንኙነታችን እንዳይበላሽ» ብሎ ዝም የሚል ሥራ አስኪያጅ ብዙ ነው፤ የመዘግየት ቅጣቱ ሲሰላ ግን ያን ይሉኝታ የሚያስታውስለት አያገኝም። ማሳወቂያው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የሰብሚታሉ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ መልስ የሚጠበቅበት ቀን፣ የቆመው ሥራ፣ የውሉ አንቀጽ። በመዝገብ ቤት አስገብታችሁ የደረሰበት ቀን ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ።