ከመንቀጥቀጡ ባሻገር ያሉትን የፓርኪንሰን ምልክቶች ቤት ውስጥ እንዴት መከታተልና ለሐኪም ማስረዳት እንደሚቻል

ፓርኪንሰን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የእጅ መንቀጥቀጥንና የእርምጃ ማጠርን ነው፤ ሕመሙ ግን አንጀትን፣ እንቅልፍን፣ የደም ግፊትን፣ ስሜትንና ሐሳብንም ያውካል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው ጽሑፍ የሕመምተኛው አእምሮ እንደማይነካ ቢገልጽም፣ የእንቅልፍ መረበሽንና የሆድ ድርቀትን ያን ጊዜም አስተውሎ ነበር። እነዚህ ምልክቶች ሳይታከሙ የሚቀሩት ሕመምተኛው ለመናገር ስለሚያፍርና ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ስለሚያልፋቸው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ደብተር ያዘጋጁና ከቀጠሮው በፊት ለሁለት ሳምንት መድኃኒት የተወሰደበትን፣ ምግብ የተበላበትንና ችግሩ የታየበትን ሰዓት ይጻፉ። ሰዓቱ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ጭንቀቱ ወይም ላቡ የሚመጣው የዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት የሌቮዶፓ ኃይል ሲያልቅ ከሆነ፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት በማስተካከል ብቻ ሊያቃልለው ይችላል። ሕመምተኛው ቡና ሲቆላ ወይም ወጥ ሲያርር የማይሸተው ከሆነም ይመዝገብ። ማሽተትን የሚመልስ መድኃኒት ባይኖርም፣ እንዲህ ያለ ሰው የተበላሸ ምግብንና ጭስን በራሱ ላይለይ ስለሚችል ሌላ ሰው ሊያይለት ይገባል።

ቀጥሎ የደም ግፊትን ይለኩ። ሕመምተኛው 5 ደቂቃ ያህል ጋደም ካለ በኋላ ይለካል፤ ከዚያ ሰው አጠገቡ ሆኖ እንዲቆም ይደረግና በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ይለካል። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም መነገር አለበት፤ በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ መጠኑ መታየት ይኖርበታል። እስከዚያው ከአልጋ ሲነሳ ጠርዙ ላይ ጥቂት ይቀመጥ፣ በቂ ውኃ ይጠጣ፣ ከባድ ምግብ በአንድ ጊዜ አይብላ። ረጅም ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ የለመዱ አባቶችና እናቶች መቋሚያ መያዛቸው የግፊቱን መውረድ አያስቀርም፤ ማዞር ሲጀምራቸው ወዲያው መቀመጥ አለባቸው፤ መቀመጡ እንደ ድፍረት ሊቆጠርባቸውም አይገባም።

የሆድ ድርቀት ከመንቀጥቀጡ ብዙ ዓመት ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ውኃ፣ የእግር ጉዞ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያ፣ እንዲሁም ከብዙ ውኃ ጋር የተወሰደ ተልባ ይረዳሉ፤ ካልበቃ ሐኪም ማለስለሻ ያዛል። ለማቅለሽለሽ በየፋርማሲው የሚገኘው ሜቶክሎፕራሚድ፣ ብዙዎች ፕላሲል የሚሉት፣ በፓርኪንሰን የሚያንሰውን የአንጎል ንጥረ ነገር፣ ዶፓሚንን፣ ስለሚያግድ ሕመሙን ያባብሳል፤ ስለዚህ ማንኛውም መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት ለፋርማሲ ባለሙያው «ፓርኪንሰን አለበት» ማለት ያስፈልጋል።

ስለ እንቅልፍ የሚጠየቀው አብሮ የሚያድረው ሰው ነው፤ ሕመምተኛው በሕልሙ የሚጮኽ፣ የሚማታ ወይም ከአልጋ የሚወድቅ ከሆነ ራሱ ላያውቀው ይችላል። ከአልጋው አጠገብ ሹልና የሚሰበር ነገር ይነሳ፣ ወለሉም ላይ ፍራሽ ይነጠፍ። ይህን ሁኔታ ቤተሰብ ከመንፈስ ጋር ቢያያይዘውና ጸበል ቢወስደው መድኃኒቱ ግን መቋረጥ የለበትም፤ ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም ከፍተኛ ትኩሳትና ብርቱ የሰውነት መገተር አስከትሎ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። የሚጾም ሰውም የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚጠይቀው የስሜትና የሐሳብ ጉዳይ ነው። ድብርቱ በሕመሙ ከማዘን ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በአንጎል ውስጥ ያለው ለውጥም ያመጣዋል፤ ይታከማልም። የሕመምተኛው ፊት ስሜት የማያሳይ ስለሚሆን ከገጽታው ከመገመት ይልቅ ለብቻው አስቀምጦ፣ ሳይቸኩሉ፣ «ደስ ይሉህ የነበሩ ነገሮች አሁንም ደስ ይሉሃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሞትን የሚመኝ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የሌሉ ሰዎችን ወይም እንስሳትን አያለሁ ሲልም አይከራከሩት፤ የታየውንና ሰዓቱን ይጻፉ። ግራ መጋባቱ በድንገት ከጀመረ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ለመንቀጥቀጥ እንደሚሰጠው አርቴን ያለ መድኃኒት ያመጣው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ለዚህ ሃሎፔሪዶል የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ቢታዘዝ፣ የፓርኪንሰን ሕመምተኛን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል ሕመሙን ለሐኪሙ ማስታወስ ግድ ነው። እንደ ፕራሚፔክሶል ያለ የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከልማዱ ውጭ በውርርድ ወይም በግዢ ገንዘብ ማጥፋት ቢጀምርም የመድኃኒቱ ውጤት ሊሆን ይችላልና ከመቆጣት በፊት ለሐኪም ይነገር።

በመጨረሻ ከደብተሩ ኑሮውን ይበልጥ ያወኩትን ሦስት ነገሮች ሕመምተኛው ራሱ መርጦ በአንድ ገጽ ይጻፉለት። በቀጠሮው ቀን ገጹን፣ የግፊቱን ቁጥሮችና ቤት ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ሂዱ፤ በሰው ፊት ሊናገረው የሚያፍረው ነገር ካለም ከሐኪሙ ጋር ለብቻው የሚሆንበትን ጥቂት ደቂቃ ጠይቁለት።