የማርሽ እጀታ ቀይሮ ቀጥ አድርጎ መግጠም

ከሰበታ፣ ከሱሉልታ ወይም ከለገጣፎ ወጥቶ አዲስ አበባ የሚመላለስ መኪና አስፋልት እስኪይዝ ድረስ ኮብልስቶንና ኮረኮንች ይፈትነዋል። በደንብ ያልጠበቀ የማርሽ እጀታ በዚያ ንዝረት ቀስ በቀስ ይላላል፤ አናቱ ላይ ያለው የማርሽ ሥዕልም ዞሮ ወደ ጎን ይተኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአገጣጠሙ ነው።

የምናወራው ስለ ማንዋል መኪና ነው። አውቶማቲክ ሆኖ እጀታው ላይ የሚጫን ቁልፍ ካለው፣ ቁልፉ ከማርሽ መቆለፊያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለዚያው ሞዴል ከተሠራ እጀታ ውጭ አይግጠሙ።

ከመግዛትዎ በፊት ፊሌቶውን (የዘንጉን ጥርስ) ይወቁ

እጀታው የሚገባበት የማርሽ ዘንግ ጥርስ በሁለት ቁጥር ይጠራል፤ በዘንጉ ውፍረትና በጥርሶቹ መካከል ባለው ርቀት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ማንዋል ቶዮታና ሱባሩ በአብዛኛው 12 በ1.25፣ ኒሳንና ማዝዳ 10 በ1.25፣ ሆንዳ 10 በ1.5 ናቸው። ያገለገለ መኪና ላይ ግን ዘንጉ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ለክቶ ማረጋገጥ ይሻላል። የድሮውን እጀታ ፈትተው ወረቀት ጥርሱ ላይ ጫን ያድርጉና የወጡትን መስመሮች በማስመሪያ ይቁጠሩ። በ10 ሚሊ ሜትር ውስጥ 8 ክፍተት ካለ 1.25 ነው፤ በ15 ሚሊ ሜትር ውስጥ 10 ካለ 1.5 ነው። እጅዎ ላይ ባለ የጎማ ዳዶ አይሞክሩ። የቶዮታ የጎማ ዳዶ 12 በ1.5 ስለሆነ ጥቂት ገብቶ ይነክሳል፤ በጉልበት ከገፉት የዘንጉን ጥርስ ይበላዋል።

ሶማሌ ተራም ሆነ ዲኮር ቤት ሲሄዱ ይህን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ከእጀታው ጋር በዚያው ልክ አንድ ስስ ዳዶ ይግዙ፤ ባለ 12ቱ ስስ ዳዶ ቁመቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሥዕሉ ላይ የኋላ ማርሽ ያለበትን ቦታ ከመኪናዎ ጋር ያስተያዩ። የእርስዎ መኪና ቀለበት እየተሳበ የኋላ ማርሽ የሚገባ ከሆነ፣ አዲሱ እጀታ ቀለበቱ እንዳይነሳ የሚያግድ መሆን የለበትም። በጣም ከባድ የብረት እጀታ ለኮብልስቶን አንመክርም፤ የማርሽ ጎሚኒዎቹ (ዘንጉን ከሥር የሚይዙት ጎማዎች) ባረጁበት መኪና ላይ ክብደቱ ዘንጉን እያወዛወዘ ማርሽ ሊያስወጣ ይችላል። በሦስት ትንንሽ ብሎን የሚያዝ ማስተካከያ ቀለበት ያለው እጀታም ቶሎ ይላላል፤ ምርጫ ካለዎት በቀጥታ ፊሌቶ የሚገባውን ይውሰዱ።

አፈታት

ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ ከዚያ ማርሹን ፎሌ ላይ ያውጡ። ዘንጉን የሸፈነውን ቆዳ ወደ ታች ሰብስበው እጀታውን ወደ ግራ ያዙሩ። አልዞር ካለ በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጠቅልለውበት ይሞክሩ። በፒንሳ ይዞ ወደ ጎን መጎተት ዘንጉን ያጎብጣል። የተፈታውን ጥርስ በቆየ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ፤ የመንገዱ አቧራ ከዘይት ጋር ተጋግሮ ስለሚቀመጥ አዲሱ እጀታ የጠበቀ ሊመስል ይችላል።

ቀጥ ማድረጉ

መጀመሪያ ዳዶውን ብቻ ዘንጉ ላይ ዝቅ አድርገው ያስገቡ። ከዚያ እጀታውን በእጅ ብቻ እስኪቆም ያዙሩት፤ ዙሩን ይቁጠሩ። 8 ሙሉ ዙር ካልሞላ የያዘው ጥርስ አይበቃም።

ሲቆም ሥዕሉ ቀጥ ብሎ አይገኝም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጨምሮ ካጠበቀው፣ ፕላስቲኩ ውስጥ የተተከለው የብረት ቀለበት ተላቅቆ እጀታው ሁልጊዜ ይሽከረከራል። ትንሽ መልሶ ከተወው ደግሞ ልል ሆኖ ይቀራል። በ1.25 ጥርስ ሩብ ዙር ማለት 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ ነው፤ ይህን ትንሽ ክፍተት የሚይዘው ዳዶው ነው።

ስለዚህ እጀታውን ሥዕሉ ቀጥ እስኪል ከአንድ ዙር ባልበለጠ ወደ ኋላ ይመልሱት። ከሾፌሩ ወንበር ሆነው ይዩት፤ ጎንበስ ብለው ከጎን ካዩት ያሳስትዎታል። አሁን ዳዶውን ወደ ላይ አምጥተው የእጀታውን ሥር ያስነኩት። በአንድ እጅ እጀታውን አጥብቀው ይዘው በሌላው ዳዶውን በቁልፍ ያጥብቁ። ዳዶው ወደ ላይ ሲጠብቅ እጀታውን በትንሹ ወደ ግራ ይዞት ይዞራልና፣ አስቀድመው እጀታውን በሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ አንድ ደቂቃ ያህል ወደ ቀኝ ቢያዞሩት ሲያልቅ ቀጥ ይላል።

ዘንጉ አጭር ሆኖ ለዳዶ ቦታ ካጣ፣ ጥርሱን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ሦስት አራት ዙር በቴፍሎን ይጠቅልሉት። ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ፤ ሌላ ጊዜ ሲፈቱት ከዘንጉ ጋር ይታገላሉ።

ፍተሻ

ሞተሩ እንደጠፋ ፍሪሲዮን ረግጠው የኋላውን ጨምሮ ሁሉንም ማርሽ ያስገቡ። 1፣ 3 እና 5 ላይ ጣትዎ ዳሽቦርዱን የሚነካ ከሆነ እጀታው ረዝሟል። ኮብልስቶን ላይ አንድ ሳምንት ከነዱ በኋላ ዳዶውን ደግመው ይነካኩት። ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ሳለ ዘንጉ ራሱ ፎሌ ላይ ወደ ጎን ካዘነበለ ግን እጀታውን ተዉት፤ መታየት ያለበት ከሥር ያለው ጎሚኒ ነው።