ሎድ ሴል የሚሞተው ሲገጠም ነው

ኮምቦልቻ የክርም የብረትም ከተማ ናት። አንዱ የጥንካሬ መፈተሻ ማሽን ጠዋት ጨርቅ ሲበጥስ ቆይቶ ከሰዓት ሽቦ ሊመጣበት ይችላል። ያኔ ሎድ ሴሉ፣ ማለትም ጉልበቱን የሚለካው ሴንሰር፣ ከነአዳፕተሩ፣ ማለትም ናሙናውን ከሚነክሰው መንጋጋ ጋር ከሚያገናኘው ቁራጭ ጋር፣ ይቀየራል። ጉዱም ያለው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ልኩን ምረጡ። 300 ኒውተን አካባቢ ለሚበጠስ ጨርቅ 500 ኒውተኑ ሴል ይበቃል። በ50 ኪሎ ኒውተኑ ብትለኩት ቁጥር ማሳየቱ አይቀርም፣ ግን በእህል ሚዛን ወርቅ መመዘን ነው። የመንጋጋውን ክብደትም አትርሱ፤ 5 ኪሎ መንጋጋ ብቻውን ወደ 49 ኒውተን ይበላል።

ማሽኑን አጥፉ፣ ገመዱን ከዚያ በኋላ ንቀሉ። ሴሉን በገመዱ አንጠልጥላችሁ አትያዙ። የሚገጣጠሙትን ፊቶች በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ ትንሽ የብረት ፍቅፋቂ እንኳ ጭነቱን ያጣምመዋል። የኤስ ቅርጽ ያለው ከሆነ ገመዱ የሚወጣበት ጎን ወደማይንቀሳቀሰው ክፍል ይሁን።

ብሎኑን በእጅ አስገቡ። በእጅ እምቢ ካለ ቁልፍ አታምጡ! ኤም 12 (የ12 ሚሊሜትር ብሎን) እና ግማሽ ኢንች በዓይን ይመሳሰላሉ፣ ፊሌታቸው (ጥርሳቸው) ግን ሌላ ነው፤ በጉልበት ካስገባችሁት ሁለቱም ይበላሻሉ።

አሁን አዳፕተሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ላይኛው ጫፍ ታስሮ እያለ ታች ያለውን ዳዶ በአንድ ቁልፍ ብቻ ያጠብቃል፣ ጥምዘዛው በሙሉ በሴሉ ውስጥ ያልፋል፣ ሴሉ ደግሞ ለመሳብና ለመጫን እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠራም። ሁለት ቁልፍ ያዙ። በአንዱ አዳፕተሩን ያዙት፣ በሌላው ዳዶውን አጥብቁ። ፒን ያለው አዳፕተር ትንሽ ቢወዛወዝ አትናደዱ፣ ሲሳብ ራሱን እንዲያስተካክል ነው።

እኔ አንዱን ገድያለሁ። ታች የነበረውን መንጋጋ ረስቼ ማሽኑን በፍጥነት አወረድኩት፣ ጧ አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም ሳይንጠለጠልበት 41 ኒውተን ያሳይ ጀመር። ዜሮ ማድረጊያውን ስጫን ደግሞ ጤነኛ ይመስላል፣ ያ ቁልፍ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። አሁን ከምንም በፊት የማቆሚያውን ገደብ ነው የማስረው።

ገመዱን ከሞተሩ ገመድ አርቁ። ብዙዎቹ ሴሎች ሙሉ ጭነት ላይ ከሚገባላቸው ለእያንዳንዱ ቮልት 2 ሚሊቮልት ነው የሚሰጡት፣ በ10 ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ 20 ሚሊቮልት ማለት ነው፤ ከዚህች ላይ ትንሽ ረብሻ ብዙ ያጠፋል። አብሩና ግማሽ ሰዓት ይሙቅ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ፣ ያው እንደገና መጠበቅ ነው።

መንጋጋው ከተንጠለጠለ በኋላ ዜሮ አድርጉና ክብደቱ የተረጋገጠ 10 ኪሎ ስቀሉ። መጽሐፍ ላይ ያለውን 98.1 ኒውተን አትጠብቁ። ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ከፍታውም አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ 97.8 ገደማ ነው። ደሴ ዳገቱን ስትወጡ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ እሱ እንኳ አያሳስብም። በአይሶ 7500-1 (ለመፈተሻ ማሽኖች የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት) ደረጃ 1 የሚፈቀደው ስህተት 1 በመቶ ስለሆነ 99 ካነበባችሁ አንድ ነገር ጠሟል። ይህ ግን ካሊብሬሽንን፣ ማለትም ማሽኑን ከተረጋገጠ መለኪያ ጋር ማመሳከርን፣ አይተካም።

ክብደቱን አውርዱ። ወደ ዜሮ ካልተመለሰ ዳዶዎቹን ፈታችሁ እንደገና እዩ። ከተመለሰ ናሙናውን አስገቡ።