«ከዘር ነው» ብለው እጅ አይስጡ፦ ስለ ጡንቻና ስኳር ሕመም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«እናቴም አባቴም ስኳር አለባቸው፤ እኔንም መያዙ አይቀርም።» ከቸርችል ጎዳና እስከ አራት ኪሎ፣ በቢሮም በካፌም ይህን የሚል ሰው አይታጣም። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመም በቤተሰብ እንደሚሄድ አይካድም። መደምደሚያው ግን ስህተት ነው፤ ብዙዎችን ያለ ምክንያት ተስፋ ስለሚያስቆርጥ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

የመጀመሪያው ስህተት ስኳርን የቆሽት ብቻ ሕመም አድርጎ ማሰብ ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ በኢንሱሊን ትእዛዝ ከደም ውስጥ አብዛኛውን ስኳር የሚቀበለው ግን ጡንቻ ነው። ስኳሩን ወደ ሕዋስ የሚያስገባው ግሉት-4 የተባለ ፕሮቲን በአዘቦቱ ሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ ይቆያል፤ ኢንሱሊን ሲመጣ ወደ ሕዋሱ ጠርዝ ይወጣል። በሁለቱ መካከል መልእክቱን የሚቀባበሉ በርካታ ፕሮቲኖች አሉ፤ የሚሠሩትም ከወላጆቻችን በወረስናቸው ዘረ መሎች መመሪያ ነው። አንዱ ቢበላሽ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ለዚህ ጉልህ ማስረጃ የተገኘው ከግሪንላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ጡንቻ ውስጥ የሚሠራውን ቲቢሲ1ዲ4 የተባለ ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ የወረሱ ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 10 እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳየ። ይህ ጉድለት በዚያ ሕዝብ ዘንድ የተለመደ፣ በሌላው ዓለም ግን ብርቅ ነው። ብዙውን ሰው ለስኳር የሚያጋልጡት፣ ገሚሶቹ በቆሽት ገሚሶቹ በጡንቻ፣ በጉበትና በስብ ላይ የሚሠሩ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የሚጨምሩ በርካታ ዘረ መሎች ናቸው።

ከዚሁ ታሪክ ሁለተኛው ስህተት ይወጣል፤ በባዶ ሆድ በሚለካ ስኳር ብቻ መጽናናት። ሌሊቱን የደም ስኳርን በዋናነት የሚቆጣጠረው ጉበት ነው፤ የጡንቻ ጉድለት የሚጋለጠው ከምግብ በኋላ ነው። ያንን ጉድለት የወረሱትም ሰዎች በባዶ ሆድ ሲለኩ ስኳራቸው ከፍ አላለም፤ የግሉኮስ መጠጥ ከጠጡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን እጅግ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በቤተሰብዎ ስኳር ካለ ከምግብ በኋላ የሚደረገው ልኬት ያስፈልግዎ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

«ቀጭን ስለሆንኩ አያሰጋኝም» ማለትም እንዲሁ ያዘናጋል። ወላጆቻቸው ስኳር ባለባቸው ቀጫጭንና ጤነኛ ወጣቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ሕመሙ ሳይጀምር ገና ጡንቻቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ደክሞ ተገኝቷል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ውርስን እንደ ፍርድ መቀበል ነው። ጡንቻ ሲኮማተር ግሉት-4 ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ወደ ሕዋሱ ጠርዝ ይወጣል፤ ማለትም በወረሱት ጉድለት የደከመውን መንገድ የሚተካ ሌላ መንገድ አለ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃውን የሚወጡና የሚወርዱትን ይመልከቱ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነታችን ትልልቅ ጡንቻዎች መካከል የሆኑት የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ከደም ስኳር ይስባሉ። እነዚያ የግሪንላንድ ሰዎች እንኳ ይበልጥ የሚንቀሳቀሱት ከምግብ በኋላ ያለው ስኳራቸው እምብዛም ከማይንቀሳቀሱት ዝቅ ያለ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በስኳር ለመያዝ በተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናትም፣ አመጋገብን አስተካክሎ ክብደት መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ በሕመሙ የመያዝን ዕድል በ58 በመቶ ቀንሷል። ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት የቀነሰው በ31 በመቶ ነበር።

እሑድን ብቻ ሮጦ ሳምንቱን በሙሉ መቀመጥ ግን አይበቃም። እንቅስቃሴ ጡንቻን ለኢንሱሊን የሚያነቃው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያህል ነው። ስለዚህ ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለውን መንገድ ከታክሲ ወርዶ በሳምንት ደጋግሞ በፍጥነት መራመድ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፣ ለምሳሌ ቁጭ ብድግ፣ መጨመር ይሻላል።

ፒያሳ ካፌ ውስጥ ማኪያቶውን ያለ ስኳር አዝዞ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ከወንበሩ የማይነሳ ሰው የሚጠቅመውን ጀምሯል፤ ጡንቻው ግን ሥራ ፈትቷል። ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ መንጎራደድ እንኳ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ያበርዳል።

ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ደግሞ «እየተራመድኩ ነው» ብለው መድኃኒታቸውን በራሳቸው አያቋርጡ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው እንቅስቃሴ ሲጨምር ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል፤ ሲወጣም ከረሜላ ወይም ስኳር በኪሱ ይያዝ።