ሐይቅ ላይ ሸራ ከመዘርጋታችሁ በፊት፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐይቅ ተብሎ የሚጠራው የወሎ ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ግቢያችን ውስጥ የሠራናትን ትንሽ የሸራ ጀልባ በአይሱዙ ጭነን የወሰድናት ወደዚያ ነው። ንድፏ ሚረር ይባላል። ባሪ ባክኔልና ጃክ ሆልት የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት ነው። ርዝመቷ 3.3 ሜትር ነው፤ ሁለት ሰው በደንብ ትይዛለች። የተቆረጠው ኮምፔንሳቶ እንደ ልብስ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፤ ስፌቱም በፋይበርና በሙጫ ይሸፈናል። ብዙ ነገር አበላሽተናል፤ እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

አንደኛው ያገኙትን ኮምፔንሳቶ መግዛት ነው። ለቁም ሳጥን የሚሆነው ለጀልባ አይሆንም፤ ኮላው ውኃ ሲጠግብ ይለቃል። ከመግዛታችሁ በፊት መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምኑና ቤት ወስዳችሁ ቀቅሏት። እኛ የኛን ከገዛን በኋላ ነው ከሰል ላይ የጣድናት። አቦሉ ሳይቀዳ ጠርዟ አበጠ፣ ከዚያ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገላለጠች። ዝም ብለን ተያየን። ያ ሁሉ ኮምፔንሳቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል! ደህናው እንጨት ሰዓት ሙሉ ተቀቅሎም አይላቀቅም።

ሁለተኛው፣ በጀልባዋ ሆድ በኩል ወደ ውኃ የምትወርደውን ሳንቃ መናቅ ነው። እሷ ከሌለች የጎን ነፋስ ጀልባዋን ወደ ጎን ያንሸራትታታል። ሳንቃዋ ስትኖር ግን ጀልባዋ በሁለት ጣት እንደተጨመቀ የሎሚ ፍሬ ወደፊት ትፈተለካለች።

ነፋሱን ፊት ለፊት መግጠምም አያዋጣም። ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር ያላችሁ ማዕዘን ከ45 ዲግሪ ያህል ካነሰ ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባዋም ትቆማለች። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣ መኪና ተራራውን ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ እየተጠማዘዘ ነው። እናንተም አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያላችሁ ውጡ።

ጀማሪ ሁሉ ሸራውን ያጠብቃል። ገመዱን አላሉት፤ የሸራው የፊት ጠርዝ መርገብገብ ሲጀምር ሳቡት፣ መርገብገቡ እንዳቆመ እዚያው ያዙት።

አሁን የምነግራችሁ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። የሸራውን ገመድ አስራችሁ አትቀመጡ። ሐይቅ በተራራ የተከበበ ነው፤ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ይቆይና ድንገት ይመጣል። እጃችሁ ላይ ያለ ገመድ ወዲያው ይለቀቃል፣ የታሰረ ገመድ ግን ጀልባዋን ይገለብጣል። እኛን ገልብጦናል። የውኃው ጥልቀት 80 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ዋና ብትችሉም ላይፍ ጃኬት ሳታስሩ እንዳትገቡ። ከተገለበጣችሁ ደግሞ ወደ ዳር ለመዋኘት አትሞክሩ፤ ጀልባዋን ይዛችሁ ቆዩ።

ለባሕር የተዘጋጀ የነፋስ ሠንጠረዥ ይዞ መምጣትም ያሳስታል። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ላይ ነው። እዚያ አየሩ በአምስት እጅ አንድ ያህል ስለሚሳሳ፣ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ሸራውን የሚገፋው በዚያው ልክ ቀንሶ ነው።

ሌላ ጀልባ ሠርታችሁ መወዳደር ካማራችሁ፣ መነሻው ላይ አትጣደፉ። አብዛኛውን ጊዜ ቆጠራው 5 ደቂቃ ነው፤ ከምልክቱ በፊት መስመሩን ያለፈ ተመልሶ ይነሳል። ሁለት ጀልባ ሲገናኝ ነፋሱ በግራ ጎኑ የሚመጣበት ለሌላው ይለቃል። ጀልባው ውስጥ ደግሞ ትእዛዝ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ መሪውን የያዘው። እኛ ሦስታችንም እንጮህ ነበር። አሁን መሪ ያዡ «ልዞር ነው» ሲል ሌላው ዝቅ ብሎ በሸራው ሥር ያልፍና ማዶ ይቀመጣል።