ለሽንት ፊኛ ካንሰር ምርመራ ሽንት እንዴት ይሰጣል፣ ውጤቱስ እንዴት ይነበባል?

የፊኛ ዕጢ አንድ ቀን ደምቶ ለሳምንታት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ያለ ሕመም ቀይ ሽንት አንዴ ከታየ፣ በማግስቱ ቢጠራም መመርመር ግድ ነው።

መጀመሪያ የሚሠራው ተራው የሽንት ምርመራ ነው። በወር አበባ ቀናት ናሙና አይሰጥም። ብልትን ታጥቦ የመጀመሪያውን ጥቂት ሽንት ማፍሰስ፣ ከመሃል ያለውን መቀበል። ቀለም የሚቀይረው መመርመሪያ ወረቀት ብቻውን አይታመንም፦ ከከባድ ስፖርት በኋላ ከጡንቻ የሚወጣ ንጥረ ነገር ደም ያለ ያስመስለዋል፣ ብዙ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ያለውን ደም ይደብቅበታል። ማረጋገጫው ማይክሮስኮፕ ነው፤ በከፍተኛ ማጉያ በአንድ ዕይታ 3 ወይም ከዚያ በላይ ቀይ የደም ሴል ከታየ ደም አለ ይባላል። ኢንፌክሽን ከተገኘ ታክሞ ምርመራው ይደገማል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው "ከመድኃኒቱ ነው" ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ሁለተኛው ሳይቶሎጂ ነው፤ ከፊኛው ግድግዳ የረገፉ ሴሎች የሚታዩበት። ብዙ ናሙና የሚበላሸው እዚህ ነው። የሌሊቱ ሽንት ፊኛ ውስጥ ሲያድር ሴሎቹ ይበሰብሳሉ፤ ስለዚህ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ጥለው፣ ውሃ ጠጥተው ቀጣዩን ይስጡ። ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፣ ከ50 በላይ ቢሆን ይመረጣል። ወዲያው ላቦራቶሪ ካልደረሰ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ ቤት ግን አይገባም፣ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ብዙ ጊዜ በተለያዩ 3 ቀናት ይሰጣል። ጠጠር ካለ፣ በቅርቡ ካቴተር (ሽንት ማፍሰሻ ቱቦ) ገብቶ ከነበረ ወይም ፊኛ ውስጥ ቢሲጂ (ለፊኛ ካንሰር የሚሰጥ ሕክምና) ከተሰጠ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ እነዚህ ጤነኛ ሴሎችን አጠራጣሪ ያስመስላሉ።

ሳይቶሎጂ ኃይለኛውን ካንሰር በመያዝ ጎበዝ ነው። ቀስ ብሎ የሚያድገውን ግን ብዙውን ጊዜ ያልፈዋል፣ ሴሎቹ ከጤነኛው እምብዛም አይለዩምና። የክሮሞዞም ለውጥ የሚፈልጉና ፕሮቲን የሚለኩ ሌሎች የሽንት ምርመራዎችም አሉ፤ ፕሮቲን የሚለኩት በኢንፌክሽንና በጠጠር በቀላሉ ይታለላሉ።

"ካንሰር አልታየም" የሚል ውጤት ሐኪም ያዘዘውን ሲስቶስኮፒ፣ ማለትም በቀጭን ካሜራ ፊኛን ማየት፣ አያስቀርም። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ ሳይቶሎጂው ካንሰር ብሎ ካሜራው ምንም ካላሳየ፣ ጠፍጣፋው የካንሰር ዓይነት በተራ ብርሃን ሳይታይ አልፎ ይሆናል፤ ወይም ምንጩ ከፊኛው በላይ፣ ከኩላሊት በሚወርደው ቱቦ ውስጥ ሊሆን ይችላልና እዚያም ይፈለጋል።